ሰላማዊው ውቅያኖስ ወርቅ የለውም

ኅዳር 19

ትምህርት ቤቱ ዛሬ ተከፈተ፤ ተከፈተ ከተባለ። ከስድሳ ሁለት ተማሪ ሃያ ስምንቱ መጡ። ካርታዬን ሰቀልኩና ስለ ውቅያኖሶች ጀመርኩ። ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሜ አይቼው የማላውቀውን ውሃ ሳስተምር ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ከፊት የምትቀመጠው ያምሮት እጇን አነሳች፤ «መምህር፣ ፓስፊክን ለምን ሰላማዊ አሉት? እውነት ሰላም ነው?» አለችኝ። መልሱን አላውቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለእኔ ጥርስ እንደ መነቀል ነው። «ስሙን ያወጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ሂጂና መምህር ኢስሃቅን ጠይቂ» ብዬ ክፍሉን አሳቅኩት። ራት ላይ ለራሱ ለኢስሃቅም ወረወርኩለት። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ፣ የኔታ» አለኝ።

የኔታ የሚለኝ ለጨዋታ ነው፤ በልጅነቴ ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት መቆየቴን ስለነገርኩት። እሱ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፣ የቡሬ ልጅ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው። መስከረም 21 መንገድ ሲዘጋበት ፍራሹን ተሸክሞ መጣና የጓሮዋን ክፍል ሰጠነው። ንግሥቴ ወዳዋለች። የእኔ ሚስት ሰው ለመውደድ ጊዜ አይፈጅባትም፤ በዚህ ነገር ሁለታችን አንድ ሆነን አናውቅም።

ኅዳር 24

መንገድ ተዘጋ። ኔትዎርክ የለም። በጅጋ በኩል ተኩስ። ትምህርት ቤት ሄጄ ዘበኛውን ብቻ አግኝቼ ተመለስኩ።

ማን በማን ላይ እንደተኮሰ አልጽፍም። ደብተርም አፍ አለው። ከዛሬ ጀምሮ ይህን የማስቀምጠው ከስንዴው ጆንያ ሥር ነው።

ታኅሣሥ 3

ኢስሃቅ ይጽፋል። የድሮ የፈተና ወረቀት በምላጭ እየቆረጠ በትንንሽ ቁራጭ ላይ ይጽፋል። ዛሬ ጓሮ ለእንስራው ውሃ ስቀዳ በመስኮቱ አየሁት። ሲያየኝ ወረቀቱን ቶሎ ብሎ ትልቁ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተተው።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ሲያልቅ ያዩታል፣ የኔታ» ብሎ ሳቀ።

ምን የሚያስቅ ነገር አለ በዚህ ዘመን? እኔ ሰላማዊ ሰው ነኝ፤ በሰው ጉዳይ አልገባም። ግን ትምህርት በተዘጋበት አገር፣ መምህር ለማን ነው የሚጽፈው?

ታኅሣሥ 5

ጎረቤቴ ወልደ ዮሐንስ በአጥር ላይ ጠራኝ። አብረን ነው ያደግነው፤ አሁን የቀበሌውን ጥበቃ ከሚያስተባብሩት አንዱ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ በቆሎው ነቀዝ አወራን። ከዚያ ልክ ረስቶት እንደነበር ሰው፦

«አያ ገነነ፣ ያ ጓሮ ያለው ልጅ ግን ምን ሲሠራ ይውላል?»

«ያነባል።»

«ማንበቡስ ደግ ነበር» አለና ሄደ።

«ነበር» ያላትን ቃል ቀኑን ሙሉ ሳላምጣት ዋልኩ። ደግ ነው አላለም፤ ደግ ነበር አለ። ቅኔ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ያለችውን አያልፋትም።

ታኅሣሥ 9

አገኘሁ። ፈልጌ አይደለም። ኢስሃቅ ገበያ ሄዶ ሳለ ንግሥቴ ክፍሉን ስትጠርግ ከመዝገበ ቃላቱ አንድ ቁራጭ ወደቀ፤ እኔም አነሳሁት። እሷ «መልሰው» አለችኝ፤ እመልሰዋለሁ አልኳት። መለስኩትም፣ ከገለበጥኩት በኋላ። ቃል በቃል ይኸው፦

«ሰላማዊው። ስሙ የወጣለት በመልካም ቀን ነው። ስም አውጪው ሲገባ ጸጥ ብሎ አገኘው። ስሙን ያየ ግን አይመነው። ስም አውጪው ራሱ እዚያው በጦር ተገደለ። ፓክስ እና ፋኬሬ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ውሃ የሚያወራ ይመስላል፤ ሰሙ እሱ ነው። ወርቁስ? ሰላማዊው ማን ነው? ይህች ከተማ ናታ! ፍኖተ ሰላም። ስሟ በመልካም ቀን እንደወጣላት ሽማግሌ ሁሉ ይናገራል፤ ከዚያ በፊት ወጀት ነበር የምትባል። «ስሙን ያየ አይመነው»፦ ሰላም መስሏችሁ አትተኙ ነው። «በጦር» የሚለውን ደግሞ እዩት፤ ጦር የሚወረወረውም ነው፣ የሚዘምተውም ነው። አንድ ቃል በሁለት ፊት፤ ኅብረ ቃሉ ፍንትው ብሏል። «ፋኬሬ» ደግሞ ምንድን ነው? ፎከረ፣ ፉከራ፣ ፋካሪ። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ፓክስን ግን አላወቅሁትም። የሰው ስም ሳይሆን አይቀርም።

ሃይማኖቱ አይደለም እንድጠረጥረው ያደረገኝ። ይህን እዚህ ላይ መጻፍ እፈልጋለሁ። አባቴና የቡሬ እስላሞች አንድ ጋጣ ላይ ከብት ያስሩ ነበር። ሃይማኖቱ አይደለም።

ታኅሣሥ 12

ሁለተኛ ቁራጭ። (ይህኛውን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ልዋሽ አልችልም።)

«ሦስት ወር ከሃያ ቀን ውሃ ላይ። ዝም። ቆዳ ሳይቀር በሉ። ከዚያ መሬት።»

ቁጥር አለው። ቁጥር ያለው ነገር ቀጠሮ ነው። ኢስሃቅ ቤታችን የገባው መስከረም 21። ሦስት ወር ሲታከል ታኅሣሥ 21። ሃያ ቀን ሲታከል ጥር 11።

ጥር 11 ጥምቀት ነው።

«ውሃ ላይ» ይላል፤ ከተማው በሙሉ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ የሚቆምበት ቀን! «ቆዳ» የሚለውን ሳሰላስለው ዋልኩ። ቆዳ ሲፋቅ ብራና ነው፤ ብራና የካህን ነው፤ ካህን በዚያ ቀን ታቦት አጅቦ ይወጣል። ቆዳ ሳይቀር በሉ። ሴቶቹ ሁሉ ነጭ ለብሰው ይወጣሉ። ልጄ ውዳሴ ከመዘምራኑ ጋር ናት።

ታኅሣሥ 14

ለንግሥቴ ነገርኳት። ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇን ሳታወጣ ሰማችኝ።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ልጁ ባለፈው ሳምንት ውዳሴን እንግሊዝኛ ሲያስጠና ያመሸው በራሱ ሻማ ነው፤ የተረፈውንም የጨረስነው እኛ ነን። በጾማችን ፊታችን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም። ምንድን ነው የያዘህ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«የጠረጠረውስ? ሂድና ራሱን ጠይቀው። አፍ አለው።»

ጠይቄው ቢክደኝስ? ቢያውቅብኝስ? ሴት ልጅ ያለው አባት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ፊት ለፊት አይጠይቅም። ንግሥቴ ይህን አትረዳም።

ግን ዛሬ ሊጠይቀው የሄደ እግሬ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። እየዘፈነ ነበር፣ የሙሽራ ዘፈን። ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 17

ኢስሃቅ፦ «የኔታ፣ ግዕዝ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አስቤ ነበር።»

እኔ፦ «ምን?»

እሱ፦ «አይ፣ ይቆይ። አንድ ላይ ይሻላል።»

አንድ ላይ። ከማን ጋር?

ታኅሣሥ 21

ከቅዳሴ መልስ ከወልደ ዮሐንስ ጋር አብረን ወረድን። ስለ ብዙ ነገር ተጨዋወትን። ስለ ቅኔም ተጨዋወትን፤ እሱም ድሮ ቅኔ ቤት ስለነበረ እንዲህ ያለው ነገር ይገባዋል። እንዲያው እንደ ምሳሌ፣ አንድ ጽሑፍ ሰሙና ወርቁ እንዴት እንደሚለይ አስረዳሁት። ስም አልጠራሁም።

«በጦር» የምትለዋን በጣም ወደዳት። ደጋግሞ አስባለኝ።

ስም አልጠራሁም።

ታኅሣሥ 23

ወሰዱት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አራት ሆነው። ቁራጮቹን ሰበሰቡ፣ ስልኩን ወሰዱ። መዝገበ ቃላቱን አንዱ ገለጥ ገለጥ አደረገና ክብደቱ አስጠልቶት አልጋው ላይ ጣለው።

ኢስሃቅ አልተጨነቀም፤ የሆነ ስህተት መስሎታል። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «የኔታ፣ መዝገበ ቃላቱን አደራ» አለኝ። እኔ ጋቢዬን ሳስተካክል ነበር።

ንግሥቴ በሩን ዘጋች። ከዚያ፦ «ማን ነገራቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ስም አልጠራሁም በለኛ።»

ይህን ደብተር አንብባዋለች? ጆንያው አልተነካም። ታዲያ ቃሉን ከየት አመጣችው? ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ ነግሬያት ይሆን? ደብተሩን ከዛሬ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ።

ታኅሣሥ 27

ወልደ ዮሐንስን አየሁትና መንገድ ቀየርኩ። እሱ ግን ጠርቶ ሰላም አለኝ፤ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ብሎ። ሰው ሲያከብረኝ እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ኢስሃቅ የታሰረው አሮጌው መጋዘን ውስጥ ነው አሉ። ብዙ ሰው አለ አሉ። ብርድ ነው አሉ። ንግሥቴ ጋቢዬን ይዛ ሄዳለች፤ እኔን ሳትጠይቅ። እሱስ ይሁን። ይቀበሏታል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ባዶ እጇን ስትመለስ ግን ጋቢው እንደደረሰው ገባኝ።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ውዳሴ አብራኝ አልበላችም። «ሆዴን አሞኛል» አለች። ከንግሥቴ ጋር ግን ጓዳ ስትበላ ሰምቻለሁ።

ከራሴ ጋር ስነጋገር፦ ጥፋት ከሌለበት ይፈታል። ጥፋት ካለበት ደግሞ ስንት ነፍስ አተረፍኩ። በሁለቱም በኩል ስመዝነው ልክ ነኝ። ታዲያ ለምን ደጋግሜ እመዝነዋለሁ?

ጥር 2

እናቱ መጣች። ወይዘሮ ናዚፋ፣ ቡሬ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ እንደ ንግሥቴ ዕድሜ የምትሆን ሴት። መኪና ስለሌለ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በጋሪ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ልጇን አይታ፣ በአጥር ነው ያነጋገረችው፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት። ንግሥቴ እግሯን አጠበቻት።

እኔ «አይዞዎት፣ ይፈታል» አልኳት።

ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና፦ «ጋሼ ገነነ፣ ለልጄ ያደረጉለትን አልረሳም። አላህ የእጅዎን ይስጥዎ» አለችኝ።

ልቤ ትንሽ አረፈች። መረቀችኝ። ሰው አገር ልጇን ላስጠጋ ሰው እናት ሌላ ምን ትላለች! ንግሥቴ ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም፤ ወይዘሮ ናዚፋን እስከ ቡሬ መንገድ ድረስ በእግሯ ሸኘቻት።

ጥር 10

ከተራ። ውዳሴ እንዳትወጣ ከለከልኩ። «ለምን?» አለች። ሞቅታ ነው፣ ግፊያ ነው፣ አልኳት። «ሌላው ሁሉ ሲወጣ?» አለችና ነጠላዋን ለበሰች። ወጣች።

ጥር 11

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ሰው ስቆጥር ዋልኩ። እጁን ኪሱ የከተተውን፣ ሻንጣ የያዘውን፣ ሁለት ጊዜ ዞር ያለውን። አንዱን ሽማግሌ ከኋላ ከኋላ ተከትዬው ሽንቱን ሲሸና ነው የተመለስኩት።

ምንም አልሆነም። ጸበሉ ተረጨ። ውዳሴ ዘመረች። ታቦቱ በሰላም ገባ።

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቢሆንስ ብዬ እንደገና ቆጠርኩ፤ መስከረም 22 ብል፣ 23 ብል። ቁጥሩ እየሸሸኝ ሄደ። ቀን አልነበረም። ቀጠሮ አልነበረም።

ጥር 13

ዛሬ መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩት። አደራ ስላለኝ አቧራውን ልጠርግለት ነበር። ከመጨረሻው ልባስ ውስጥ አንድ ሙሉ ወረቀት ተጣጥፎ ወጣ፤ ሰዎቹ ያላዩት። በንጹሕ ጽሕፈት ነው። ሙሉውን እገለብጠዋለሁ፤ ቅጣቱ ይገባኛል።

«ለየኔታ ገነነ። ኅዳር 19 ራት ላይ ለጠየቁኝ፣ ለያምሮትም እንዲያነቡላት።

ስሙን ያወጡት እንግሊዞች አይደሉም፤ ከሌላው ተቀብለው ነው። ማጄላን የሚባል ፖርቱጋላዊ መርከበኛ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ባለች ጠባብ መተላለፊያ በወጀብ ሲንገላታ ሰነበተ። ወጥቶ ባሕሩን ሲያየው ጸጥ ብሏል፤ በዚያ መልካም ቀን ሰላማዊ ብሎ ሰየመው። ከዚያ ግን ሦስት ወር ከሃያ ቀን መሬት ሳያዩ ተጓዙ፤ ስንቅ አልቆ የመርከቡን ቆዳ እየነከሩ በሉ። ማጄላን ራሱ እዚያው ውቅያኖስ ላይ ባለች ደሴት ከነዋሪዎቹ ጋር ተዋግቶ በጦር ተገደለ። ውሃውም ቢሆን ሰላማዊ አይደለም፤ ከባድ ማዕበል አለበት። ስለዚህ ስሙን ያየ አይመነው።

ቃሉ የላቲን ነው። ፓክስ ማለት ሰላም፣ ፋኬሬ ማለት ማድረግ። የኔታ፣ በጥሬው ሲፈታ እንግዲህ ሰላማዊ አይደለም፤ ሰላም አድራጊ ነው። እኛ ስንተረጉመው አድራጊው ወደቀብን። ግዕዙ የሚያምር ቃል እንደሚኖረው እርግጠኛ ነኝ፤ እሱን እርስዎ ይሙሉልኝ ብዬ ቦታውን ትቼዋለሁ፦ . . . . . . . . . . .»

ግዕዙን ወረቀቱን ገና አንብቤ ሳልጨርስ ነው ያወቅሁት። ገባሬ ሰላም። ብፁዓን ገባርያነ ሰላም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስዘምረው የኖርኩት ነው።

ጠያቂው እኔ ነበርኩ። እኔ ጠየቅሁት፣ እሱ መለሰልኝ፣ በመልሱ አስያዝኩት። ቦታውን ልሞላው ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ጥር 14

ወልደ ዮሐንስ ጋ ሄድኩ። «አያ ገነነ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ» አለኝ። «እኔ የሰማሁትን አስተላለፍኩ። አሁን ተሳስቼ ነበር ብትል አንተንም አብረው ነው የሚይዙህ። ተወው፣ ይረሳል።»

«ልጁም ይረሳል?»

«እሱንማ ጊዜው ያውቃል።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። እንደ ፈሪ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ በሦስተኛው ገባሁ። አንድ ወጣት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ቁራጮቹን ደርድሮ ከጎናቸው ሁለት ገጽ የተተየበ ወረቀት አስቀምጧል። ሰሙ እንዲህ፣ ወርቁ እንዲያ ይላል። ከላይ ሆኜ አነበብኩት፤ የእኔው አነጋገር ነው፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።

ማጄላንን ነገርኩት፣ ቆዳውን ነገርኩት፣ ፋኬሬ ፉከራ አለመሆኑን ነገርኩት። ቁራጮቹን እያገላበጠ ሰማኝና፦

«እሺ። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁስ?»

«ወርቅ የለውም፣ ጌታዬ። ሰም ብቻ ነው።»

«ታዲያ ወርቁን ማን ከተተበት?»

«እኔ» አልኩ።

አጽፎኝ አስፈረመኝ። ሙሉ ስሜን፣ የአያቴን ጭምር።

ጥር 19

ዛሬ ፈቱት። ከስቷል፤ ያስላል። ወይዘሮ ናዚፋ ጋሪ ይዛ መጥታለች፤ ፍራሹን ሊጭኑ ነው። ንግሥቴ እቅፍ አድርጋ አለቀሰችለት። እኔ ከጓሮው በር ቆሜ ከጠዋት ጀምሮ ያጠናሁትን ተናገርኩ፦

«ኢስሃቅ፣ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። ገመዱን እያሰረ ነው። «የመጀመሪያው ቀን ነው ያነበቡልኝ። ‹በጦር የምትለዋ ኅብር ናት› ሲል፣ በዚህ አገር እንዲህ ብሎ የሚያስብ ከአንድ ሰው በቀር አላውቅም።»

«እናትህስ?»

«በአጥር ነገርኳት። እዚህ ከመምጣቷ በፊት።»

መዝገበ ቃላቱን ዘረጋሁለት። እጁ ለመቀበል ተዘርግቶ ነበር፣ ግን መልሶ ሰበሰበው። «ለያምሮት ይስጧት» አለኝ። የኔታ አላለኝም።

ጋሪው ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። ያን ቀን ያቺ እናት ሁሉን አውቃ ነው «የእጅዎን ይስጥዎ» ያለችኝ! ለልጄ ያደረጉለትን አልረሳም ያለችኝ! እኔ ደግሞ መረቀችኝ ብዬ ጽፌ ተኝቻለሁ። ወርቅ በሌለበት አንድ ወር ስቆፍር ከርሜ፣ ፊቴ ላይ የተወረወረልኝን አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ንግሥቴ ወዲያው ገብቷት ነበር።

የካቲት 4

ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፈተ። አርባ አንድ ተማሪ መጣ። ካርታውን ሰቀልኩ። የኢስሃቅን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩላቸው፤ ወጀቡን፣ ሦስት ወር ከሃያ ቀኑን፣ ቆዳውን። ቆዳው ላይ ሳቁ። ባዶው ቦታ ስደርስ ቆምኩ።

ያምሮት እጇን አነሳች። ተነሥታ፦ «መምህር፣ መምህር ኢስሃቅ መጥተው ቢጨርሱልን አይሻልም? ለምን ቀሩ?»

ቡሬ ሄደ ልላት እችል ነበር። እናቱ ስላመማት ልላት እችል ነበር። አንደበቴ ላይ ሁለቱም ተዘጋጅተው ነበር።

«እኔ በሐሰት ጠርጥሬ ስላስያዝኩት ነው» አልኳት።

ያምሮት ብዕሯን እንደያዘች ቆመች። ቁጭ በይ ልላት አልቻልኩም፤ እሷም አልተቀመጠችም። ደወሉ እስኪደወል ድረስ እንደቆመች አየችኝ።